አበባው ለየትኛዋ እናቴ

ልጅ ሳለሁ የእናቶች ቀን የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። አዳማ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ማክበር የጀመረችው እኔ መዘምራን ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ግንቦት ላይ አንድ እሁድ ይመረጥና እያንዳንዱ ዘማሪ ከመድረክ ወርዶ ለእናቱ አንድ ጽጌረዳ ይሰጣል። እስከ አምና ድረስ እኔም ያለ ሐሳብ አከብረው ነበር።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። አባቴ ሲሞት እናቴ ሥራ ፍለጋ ሻሸመኔ ወረደች፤ እኔን የአራት ዓመት ልጇን ታላቅ እህቷ ጋ ተወችኝ። ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። እሷ እዚያው ጨርቅ መነገድ ጀመረች፣ እኔም እዚሁ አደግሁ። በየዓመቱ አበባውን ለአክስቴ ስሰጥ ማንም ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

አምና በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ደወለች። እሁድ እንደምትመጣ፣ ፕሮግራሙን ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል አልዋጥልሽ አለኝ። ሁለት አበባ ልያዝ አልኩና መልሼ ፈራሁ። ሁለት ብይዝስ፣ መጀመሪያ የምደርሰው ማን ጋ ነው?

እሁድ እህትማማቾቹ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ተራዬ ደርሶ አንድ አበባ ብቻ ይዤ ስወርድ ሁለቱም አያዩኝም። አክስቴ መሬት መሬት ታያለች፤ እናቴ የቦርሳዋን ዚፕ ትነካካለች። እግሬ ሄዶ አክስቴ ፊት ቆመ። እናቴ ከሁሉም ቀድማ አጨበጨበች።

አክስቴ ለምሳ ብትለምናት መኪና ያመልጠኛል ብላ እምቢ አለች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

«ለእሷ ባትሰጪ ነበር የማዝንብሽ» አለች። መኪናው ላይ እየወጣች ደግሞ፣ «እማዬ ብለሽኝ ግን አታውቂም።»

እውነቷን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አክስቴ ስትጠራት እየሰማሁ እናቴን በስሟ ነበር የምጠራት። አሁን ልላት ሞከርኩ፤ «ደህና ግቢ» ነው ያልኳት። ረዳቱ በሩን ዘጋና መኪናው ወጣ።

ከሰዓቱን ሙሉ ስልኳ አልሠራም። አሁን መቂ፣ አሁን ባቱ ደርሳለች እያልኩ፣ ክፉ ክፉው ብቻ እየታየኝ ከቤት ደጅ ተመላለስኩ። አክስቴም ምሳዋን አልነካችም። አመሻሽ ላይ እናቴ አነሳችው።

«እማዬ፣ ደረስሽ?» አልኳት፣ ሳላስበው።

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ እንደሆነ፣ በደንብ እንዳልሰማችኝ ነገረችኝ። እስቲ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩላት።