ሠለስቱ ደቂቅን የበላ ሻጋታ

ልጅ እያለሁ ውቅር ቤተ ክርስቲያናችን የሚሸተው ቀዝቃዛ ድንጋይና የደረቀ ሣር ነበር። ዛሬ ስገባ የሚቀበለኝ የረጠበ ስልቻ ሽታ ነው። ይህን ሽታ ከየትም አላመጣብንም ማንም፤ ያመጣነው እኛው ነን።

በግራ በኩል ካለው ግድግዳ ላይ ሠለስቱ ደቂቅ ተስለው ነበር፤ ሦስቱ ልጆች እሳት ውስጥ ቆመው፣ መልአኩ ክንፉን ዘርግቶባቸው። ሥዕሉ ከፍ ያለ ስለሆነ በንግሥ ቀን አባቴ ትከሻው ላይ ያወጣኝና በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ «እያቸው» ይለኝ ነበር። ዳር ላይ ያለው ትንሹ ልጅ ጉንጩ ያበጠ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ነው። የሰፈር ልጆች አንተን ይመስላል እያሉ ያበሽቁኝ ነበር፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ፊደል በቅጡ አልቆጠርኩም። የማውቀውን ታሪክ ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው የተማርኩት።

ነገሩ የተበላሸው ደርግ ከወደቀ ወዲያ ነው። ሰቆጣ ገበያ ላስቲክና ናይለን ሞላ። ሣሩ ተጠርጎ ወጣና ወለሉ ላይ የላስቲክ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ከዓለቱ ሥር የሚመጣው እርጥበት መውጫ አጣ። ዐረብ አገር የሄደ ልጇ በሰላም የገባላት እናት ሁሉ ደግሞ ስለቷን መጋረጃ አድርጋ ታመጣለች። አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ሥዕሉ ላይ በምስማር ተመታ። ለክብር ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ግን ግድግዳው አየር አጣ። አንድ የንግሥ ቀን መጋረጃውን ሲገልጡት በትንሹ ልጅ እግር ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር። በዓመቱ ጉልበቱ ደረሰ።

ቅርስ የሚያጠና አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ባትሪ አብርቶ ብዙ አየና «ይህ ጥላሸት አይደለም፣ ሻጋታ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ቀለሙን የያዘውን ሙጫ ይበላል። መጋረጃውን አንሡ፣ ላስቲኩን አውጡ፣ በሩን ክፈቱ፣ ውሃ አታስነኩት» ብሎን ሄደ። ከዚህ የቀለለ ትእዛዝ በዕድሜዬ አልሰማሁም።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ከተናገረው ሁሉ የያዙት አንዷን ብቻ ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው የምትለዋን። ሕይወት ኖሮት ቅዱሳንን የሚበላ ከርኩስ መንፈስ በቀር ምን አለ? እንግዲህ መድኃኒቱ ጠበል ነው ተባለ። አናቴ ጋለ። የደብሩን አለቃ፣ መምሬን፣ በር ላይ ያዝኳቸው።

«መምሬ፣ ሰውየው ውሃ አታስነኩት ብሎ የለም ወይ?»

«ጠበል ውሃ ነው?»

«ለነፍስ ጠበል ነው። ለምርጊት ግን ያው እርጥብ ነው። የእህል ጉድጓዴ ውሃ ሲገባው ማሽላው ይሻግታል።»

«እንግዲህ የእግዜርን ቤት ከማሽላ ጉድጓድህ ጋር አስተያይ።»

መጋረጃ ከሰጡት አንዷ ከኋላችን ቆማ ትሰማ ነበር። «አያ፣ ስለቴንም ልታስነቅል ነው አሉ። ልጄን በሰላም ያስገባልኝን መልአክ ራቁቱን ላቁመው?» አለችኝ። የከበቡን ሁሉ ሣቁ።

ጾሙን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ረጩት። ሻጋታው ሰባ። ከጉልበቱ ወደ ደረቱ ወጣ፣ ወደ ሁለቱ ልጆችና ወደ መልአኩም ተዛመተ፣ አረንጓዴም ጨመረበት። እኔም መናገሬን አልተውኩም፤ ጭቅጭቄ ሲበዛ ሰላምታ የነሱኝ አሉ።

አንድ ጠዋት መምሬ በጨርቅ ሊያብሱት ነካ ሲያደርጉት ምርጊቱ ተገመሰና የትንሹ ልጅ ፊት እጃቸው ላይ መጣ። እንደ ራሰ ቂጣ ተፈረፈረ። ፍርፋሪውን ከመሬት እየለቀሙ «እንዳልከው ሆነ» አሉኝ። እንዳልኩት መሆኑ ምን ያደርግልኛል?

የተቀደሰ ነገር ሜዳ ላይ አይጣልምና ፍርፋሪውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጓሮ ካለው ወይራ ሥር ቀበሩት። በማግሥቱ ላስቲኩ ወጣ፣ መጋረጃው ተነሣ፣ በሩ ተከፈተ። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ክርክር። ከመልአኩ አንድ ክንፍ፣ ከሁለቱ ልጆች ግማሽ ግማሽ ፊት ተርፏል።

አሁን የልጅ ልጆቼን ትከሻዬ ላይ ላውጣ ብል ጉልበቱም የለኝ፣ የማሳያቸውም ነገር የለኝ። በልጅነቴ ያን ልጅ ለማየት ቀና እል ነበር። ዛሬ ከቅዳሴ ስወጣ ወይራው ሥር ቆም እልና ወደ መሬት አያለሁ።