የይግዛው የክርስትና ስም

ዋሴ ከመድኃኔ ዓለም ማኅበር የወጣው ከአምላኩ ተጣልቶ አልነበረም፤ አፍሮ ነው። ሰው አምርሮ ሲክድ ቢያንስ ወግ አለው፤ ዋሴ ግን እየሳቀ ካደ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በሆነ ሰሞን ከደባርቅ የመጣ ካድሬ በሃያ ሰባት ቀን ስብሰባ ጠራ። አንድ ገበሬ ተነሥቶ ዕለቱ መድኃኔ ዓለም እንደሆነ፣ ጽዋውም የሚጠጣው በራሱ በሊቀ መንበሩ ቤት እንደሆነ ተናገረ። ካድሬው ዞሮ ዋሴን አየው። ዋሴም ጥርሱን ገልጦ የሴቶች ነገር ነው አለ። ሚስቱ ሸጊቱ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ ትጠብቀው ነበር። ማኅበርተኛው የዚያን ቀን በቤቱ በላ፣ ጠጣ፤ ባለቤቱ ግን እስኪመሽ ስብሰባ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ተራውን የምታወጣው ሸጊቱ ብቻ ሆነች፤ እሷም ስትሞት ተራው ቀረ።

ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ከየቀበሌው ልጅ አምጡ ተባለ። ዋሴ ልጁን ይግዛውን ሩቅ አገር፣ አምቢኮ፣ አጎቱ ዘንድ ሰደደና በእሱ ፈንታ የአልጣሽን አንድያ ልጅ ላቀውን ሰጠ። አልጣሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ ያርጋል ደግሞ ይግዛውን ክርስትና ያነሣው ሰው ነበር፤ ዋሴ ያን ጊዜ ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወርዶ ነበርና ከክርስትናው አልተገኘም፤ ልጁን ከጥምቀቱ የተቀበለው ያርጋል ነው። እንግዲህ ሁለቱ ልጆች በክርስትና ወንድማማች ናቸው። ዋሴ ይህን አልዘነጋም፤ እያወቀ አደረገው። አልጣሽ አልተራገመችም፤ ልጄ ብርድ አይችልምና ጋቢውን አድርሱልኝ ብላ ብቻ ለመነችው። ብትራገም በተሻለው ነበር።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። በሚቀጥለው ዙር ይግዛው ለገበያ ደባርቅ እንደመጣ በአፈሳ ተያዘ። ዋሴ የቀበሌውን ማኅተም በኪሱ ይዞ ሮጠ። የሚያውቁት ሹሞች ግን ልጅህ ለአብዮቱ በመሰለፉ ደስ ሊልህ ይገባል አሉት፤ እሱ ራሱ ለሌላው ወላጅ የሚላት ቃል ነበረች። ልጆቹን የጫኑት መኪኖች ሊማሊሞን ሲወርዱ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ አየ። ልጁ በየትኛው እንዳለ እንኳ አልለየም።

ብዙ ወር ወሬ ጠፋ። በኋላ በሰሜን ግንባር ጦሩ እንዳለ አለቀ የሚል ወሬ ደባርቅ ገበያ ደረሰ። ዋሴ ማለዳ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አባታችን ሆይ ብሎ ጀመረና መካከል ላይ ቆመ። ቃሉ ጠፍቶት አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ደጃፉን ዘግቶ ሲቸግረው ብቻ ወንፊት ልዋስ የሚል ጎረቤት መስሎ ለራሱ ታየውና አፈረ። እንግዲያው የማያውቁኝ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ብሎ በበቅሎ ወደ ዳባት ተነሣ። ገና መንገድ ላይ ሦስት ሰው በሹመቱ እየጠራ ሰላም ሲለው በቅሎውን መለሰ። ለካስ ሊቀ መንበር ተደብቆ የሚያለቅስበት አገር የለውም።

በሃያ ሰባት ቀን ማኅበሩ በአንዱ ማኅበርተኛ፣ በደምለው ቤት ነበር። ዋሴ ከግቢው ውጭ ብዙ ቆሞ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ፣ በመጨረሻ ገባ። ሽማግሌዎቹ ኖር ብለው ተነሡለት። ይህ መነሣት ከዱላ ይልቅ አመመው። በሩ አጠገብ ከመሬት ሊቀመጥ ሲል ቄስ ገብረ ኪዳን እጁን ይዘው መደቡ ላይ አስቀመጡት። የት ነበርህ ያለው የለም። አልጣሽ ከጓዳው ደጃፍ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ዋሴ ወደዚያ እንዳያይ ዓይኑን ምሰሶው ላይ ተከለ።

ጽዋው ከመዞሩ በፊት ቄሱ በግንባር ስላሉት ልጆች እግዚኦታ እናድርስ አሉ። ወላጁ የየልጁን የክርስትና ስም ይሰጣል፣ እሳቸውም እየጠሩ ይጸልያሉ። ተራው ዋሴ ጋ ደረሰ።

"የይግዛው የክርስትና ስሙ ማን ነበር?" አሉት።

ከሑመራ ሲመለስ ሸጊቱ ነግራው ነበር። እሷ ጧት ማታ በጸሎት ስትጠራው ይሰማ ነበር። ግን እንደ ቤቱ ጢስ ልማድ ሆኖበት ልብ አላለውም። ሸጊቱ ሞታለች፣ ያርጋል ሞቷል። የስንቱን ልጅ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ለሹም በቃሉ ያቀረበ ሰው፣ አንድ ልጁን በአምላክ ፊት የሚጠራበት ስም አጣ። ሰዉም አይቶ እንዳላየ አቀረቀረ።

"አላውቀውም፣ አባ" አለ።

ከጓዳው ደጃፍ የአልጣሽ ድምፅ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ ቁጣ የሌለው።

"ሀብተ ሚካኤል ነው። ከኔው ልጅ ጋር አብሬ ስጠራው ነው የኖርሁ።"

ቄሱ ሀብተ ሚካኤል ብለው ጠሩ፤ ቤቱም እግዚኦ ብሎ ተቀበለ። ዋሴ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ ጎንበስ አለ። ቄሱ ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሲሉ ቀና ሳይል ተናገረ።

"አልጣሽ፣ የላቀውስ ማን ነው?"

ልጇን የወሰደባት ሰው ስሙን ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"ወልደ ገብርኤል" አለችው።

ከሹመቱ ከወረደ፣ መንግሥቱም ከተለወጠ ወዲያ ዋሴ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አልታጣም። ሁለቱም ልጆች አልተመለሱም። ሲጸልይ አስቀድሞ የሚጠራው ወልደ ገብርኤልን ነው። የራሱን ልጅ ስም ያስከትላል፤ ያውም ድፍረት ባገኘ ቀን።