ሰሊጥ ውስጥ የቀበርሁት መድኃኒት

ጓዳ ስገባ ጆንያው ቦታው ላይ የለም። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ልጄ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የምትጀምረው መድኃኒት ያለው እዚያ ጆንያ ውስጥ ነው። ባሌ ደግሞ ጠዋት ሰሊጡን ሁሉ ለነጋዴው አስጭኖታል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄ ካገባች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ልጅ አላየችም። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት የእሷንና የባሏን ዘር አገናኝተው ጽንስ አቆዩላት፤ በብርድ ተቀምጦ ይጠብቃታል። "መጀመሪያ ግን ማህፀኑ ይዘጋጅ" አሏት። እኔ ቤት ሆና ሁለት ሳምንት ክኒን ዋጠች። ጎንደር ሄደን በአልትራሳውንድ ሲያዩዋት የማህፀኗ ግድግዳ እንደሚፈለገው ወፍሯል። የቀረው በማህፀን በኩል የሚገባው ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ያ በተጀመረ በስድስተኛው ቀን ጽንሱ ይገባል። ቀኑ ከተዛባ እንደገና ከሀ ነው። ገበሬ ነኝ፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ሰሊጥ እንደማይዘራ አውቃለሁ።

ነርሷ "ሙቀት እንዳይነካው፤ ይቀልጣል" ብላናለች። የመተማ ሙቀት ሻማ ሳይለኮስ ያቀልጣል። ጎረቤት ፍሪጅ ብናስቀምጥ ወሬው ገበያ ይወጣል። ስለዚህ በላስቲክ ጠቅልዬ ሰሊጡ ሆድ ውስጥ ቀበርሁት፤ እዚያ እጅ ሲገባ ይቀዘቅዛል። የጆንያውን አፍ በአረንጓዴ ክር ሰፋሁት። ለባሌ እንኳ አልነገርሁም።

ወደ ነጋዴው መጋዘን ለመድረስ ባጃጅ ላይ ዘልዬ ወጣሁ።

"እማማ፣ መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ቀስ ልበል።"

"ድንጋዩን ተወውና ንዳ!"

መጋዘኑ ስደርስ የሰሊጥ ማበጠሪያው ማሽን ያጓራል። ጆንያ ሁሉ እየተፈታ ይገለበጥበታል።

"ሐጂ፣ ያስቁሙልኝ! በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ጆንያ አለኝ!" አልኋቸው ነጋዴውን።

አንዱ ጫኝ ሳቀ። "ምነው እናቴ፣ ወርቅ ቀብረሻል? ለኛም ቆንጠር አርጊልን እንጂ።"

ስምንት ዓመት የደበቅነውን በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ጮህሁት። "የልጄ የማህፀን መድኃኒት ነው! ልጅ ልታገኝበት ነው!"

ማሽኑ ጸጥ አለ። ያ የሳቀው ጫኝ ክምሩ ላይ ወጥቶ አንድ ባንድ ያገላብጥ ጀመር። አረንጓዴውን ክር ሳይ እልል አልሁ፤ ሊገለበጥ ሁለት ጆንያ ብቻ ቀርቶት ነበር። ክርኔ ድረስ እጄን ሰድጄ አወጣሁት።

"እኔ ሱቅ ፍሪጅ ተገትሮ ሰሊጥ ውስጥ ትቀብሪያለሽ? አይ አንቺ!" አሉ ነጋዴው። ጫኙ ደግሞ፦ "መንታ ያድርግላት!"

ቤት ስደርስ ለነርሷ ደወልሁ።

"አልቀለጠም? ማሸጊያውስ አልተከፈተም?"

"ምንም አልሆነም።"

"እንግዲያው በሰዓቱ ትጠቀም።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄ ተጠቅማ ጋደም አለች። እኔ አሁንም አለከልካለሁ።

"እምዬ፣ ተቀመጪ በቃ" አለችኝ እየሳቀች።

ተቀመጥሁ። የስድስተኛውን ቀን ፍርሃት በስድስተኛው ቀን እፈራዋለሁ። ዛሬ ግን ደርሰናል። ልጄም ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ።