ያልተነካው ዘጠኝ ሺህ ዶላር

ከዳርሊን ኮቫች ጋር አስራ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሁለታችንም አክሮን ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እንነዳለን። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ አፏ ግን ጤነኛ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ቁም ነገር ብዬ የሰጠኋት ምክር አንድ ብቻ ነው። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

ዳርሊን ሁለት ክሬዲት ካርድ፣ ማለት በባንክ ዱቤ የሚገዛበት ካርድ፣ ነበራት። የአንዱ ገደብ ስድስት ሺህ ዶላር ነው፤ ከሱ ላይ አራት ሺህ ሁለት መቶውን የአባቷ የዓይን ሕክምና በልቶታል። የሁለተኛው ገደብ ዘጠኝ ሺህ ነው። እሱን ከስንት መከራ በኋላ ከፍላ ጨረሰችና ዜሮ አደረገችው። በሳምንቱ ግን አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ግቢ ውስጥ መጥታ በስልኳ የሶፋ ፎቶ ታሳየኝ ጀመር።

«ይሄን ካርድ ውሰጂልኝ ኖሪን፤ ራሴን አላምነውም» አለችኝ።

«እኔ ጋ ካስቀመጥሽውማ እኔው እጨርስልሻለሁ። ይልቅ በረዶ አድርጊው» አልኳት።

እኛ ጋ ይሄን ያላደረገ ቤት የለም። ካርዱ ውሃ የሞላ የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ ይነከርና ፍሪዘር ይገባል። ሰው ግዢ አምሮት ቢያወጣው እንኳ በረዶው እስኪቀልጥ አምሮቱ ያልፍለታል። እናቴ አድርጋዋለች፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ዳርሊንም አደረገችው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘወር ብላ አላየችውም። እኔ ደግሞ መካሪ ሆኜ ኮራሁ።

ከዚያ የቤቷ ነገር መጣ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የተከራየችውን ቤት ባለቤቱ ራስል ሊሸጠው ፈለገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ መጀመሪያ የነገረው ለሷ ነው። «ላንቺ በዘጠና ሁለት ሺህ። እስከ ወሩ ሃያ አምስት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ካለፈ የሰፈሩን ቤት እየገዛ ላለው ኩባንያ ነው የምሸጠው» አላት። ያ ኩባንያ ቤት ሲገዛ ተከራይ አስወጥቶ፣ ቀለም ቀብቶ በእጥፍ እንደሚያከራይ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

የዳርሊን ጭንቀት ስለ ራሷ አልነበረም። አባቷ ኤሚል ኮቫች ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት የጎማ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል። በዚያ ቤት ውስጥ ግን ሰው ሳይመራቸው ይሄዳሉ፤ ምድጃውን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ወደ ጓሮ የሚያወርደውን ሦስት ደረጃ በእጃቸውና በእግራቸው ያውቁታል። ሐኪሙ ለዳርሊን ቁርጡን ነግሯታል። ቤት ከቀየሩ ብቻቸውን መዋል አይችሉም፤ ሰው ለመቅጠር ደግሞ የሷ ደሞዝ አይበቃም። ስለዚህ ወይ ቤቱን ትገዛለች፣ ወይ አባቷን መጦሪያ ታስገባለች። ሦስተኛ መንገድ አልነበረም።

ለቤት ብድር ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። የባንኩ ሰው ብሬንት ይባላል፤ ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ ነው። ባንክ ብድር የሚፈቅደው ኮምፒውተር ለሰው ዕዳ አያያዝ የሚሰጠውን ነጥብ አይቶ ነው።

«ባለፈው ዓመት የብድር ነጥብዎ ስድስት መቶ ሃምሳ ሁለት ነበር። ለብድሩ ስድስት መቶ አርባ ይበቃናል። አሁን ግን ስድስት መቶ ስምንት ሆኗል» አላት።

«ምን አጥፍቼ? አንድ ቀን እንኳ አሳልፌ ከፍዬ አላውቅም!»

«አላጠፉም ሚስ ኮቫች። የዘጠኝ ሺሁ ካርድ በመዘጋቱ ነው።»

«ማን ዘጋው?»

«ካርዱን የሰጠዎት ባንክ ነዋ። ሁለት ዓመት አልተጠቀሙበትም። ደብዳቤም ልከዋል።»

ደብዳቤውን ማን ይከፍታል? በየሳምንቱ ካርድ ውሰዱ የሚል ፖስታ በእሽግ ይመጣል፣ እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ እንከተዋለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

ብሬንት ወረቀት ላይ እየጻፈ አስረዳን። ሁለቱ ካርዶች አንድ ላይ አስራ አምስት ሺህ ያበድሩ ነበር። ሰው ከተፈቀደለት ገደብ ከሠላሳ በመቶ በላይ እስካልተጠቀመ ድረስ ነጥቡ ብዙም አይነካም፤ ዳርሊን ሃያ ስምንት ላይ ነበረች። ዘጠኝ ሺሁ ሲነሳ ያው ዕዳ፣ አንድ ሳንቲም ሳይጨመርበት፣ ከስድስት ሺህ ላይ ታሰበ። ሰባ በመቶ። ኮምፒውተሩ ያየው ገንዘብ የምትበትን ሴት ነው።

«በየወሩ አንድ ሳንድዊች ቢገዙበት ኖሮ አይዘጋም ነበር» አለ ብሬንት።

መኪና ውስጥ እስክንገባ ቻለችው። «ሳንድዊች! ሰማሽው ኖሪን? ሶፋ አምሮኝ ቻል አደረግኩት፤ አሁን ሳንድዊች አልበላሽም ተብዬ ነው የምቀጣው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

«አዎ ያንቺ ነው። አሁን ዝም ብለሽ ንጂ፤ አልቅሼ ልጨርስ።»

እኔም ነዳሁ። ብትበደር አባካኝ፣ ባትበደር የማትታወቅ። ምን እንዲያደርጉ ነው የሚፈልጉት?

መውጫው አንድ ነው፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ ከፍሎ ዕዳውን ወደ ሠላሳ በመቶ ማውረድ። ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ያጠራቀመችው ገንዘብ አይነካም፤ እሱ ከተነካ ብድሩ ራሱ የለም። አባቷ ጉዳዩን ሲሰሙ ወዲያው ተናገሩ።

«ለቀብሬ ያስቀመጥኳት ሁለት ሺህ አምስት መቶ አለች። ውሰጂያት።»

«አባዬ፣ እሱን ገንዘብ አልነካም።»

«ምን ችግር አለው? እኔ እንደሆን አልቸኩልም።»

ወሩ በገባ በአስራ አንደኛው ቀን ከፈለች። እንግዲህ ተገላገልን ስንል ብሬንት ሌላ ነገር አመጣ። የካርዱ ድርጅት የእያንዳንዱን ሰው ዕዳ የሚያሳውቀው በወር አንድ ጊዜ ነው፤ የዳርሊን ቀን ደግሞ ሃያ ስምንት ነው። እስከዚያ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የድሮውን ዕዳ ነው። ማስቸኮል የሚቻለው ድርጅቱ ከፍላለች ብሎ ደብዳቤ ከጻፈ ብቻ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ።

ዳርሊን ጠዋት ልጆቹን አውርዳ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ወደ ካርዱ ድርጅት ትደውላለች። ሙዚቃ ያሰሟታል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፏታል፣ ማንነቷን ለማረጋገጥ የእናቷን ስም ይጠይቋታል። በሰባተኛው ቀን አንዷ «በፖስታ ልከነዋል» አለቻት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ፖስታ ሳጥኑን ከፍታ የምታገኘው አዲስ ካርድ ውሰጂ የሚል ወረቀት ነው።

በሃያ አምስት፣ ከሥራ ስንወጣ፣ ራስል ጋ ሄድን።

«ሦስት ቀን ራስል፤ ሦስት ቀን ብቻ ጨምርልኝ። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ የቀረው ወረቀት ነው።»

ራስል ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። «ዳርሊን፣ ዛሬ ጠዋት ፈርሜያለሁ። ካንቺ ምንም ወሬ ሲጠፋ ተስፋ የቆረጥሽ መሰለኝ።» ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «ለመልቀቂያ ሠላሳ ቀን ይሰጡሻል።»

ቤቷ ደረስን። ኤሚል ወጥ ቤት ተቀምጠው ነበር፤ በሩ ሲከፈት ብድግ አሉ።

«እ? ቤቱ የኛ ሆነ?»

ዳርሊን አፏን ከፈተች። ፊታቸውን አየች። እኔም አየሁት፤ ማንም ሰው እንደዚያ ለሚጠብቅ ፊት እውነቱን ሊናገር አይችልም።

«ሆነ አባዬ» አለች።

ሽማግሌው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና ሳቁ። «በይ መዶሻ ስጪኝ! የእናትሽ ፎቶ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ተደግፋ ኖረች። የሰው ግድግዳ ነው፣ ምስማር አትምቱ ይላል ውሉ። ዛሬ ማን ይከለክለኛል?»

ዳርሊን እኔን አየችኝ። መዶሻውን አመጣች። ኤሚል በጣታቸው ቦታውን ለክተው፣ «ኖሪን፣ አንቺ ምስማሩን ያዢ፤ አይዞሽ፣ እጅሽን አልመታም» አሉኝ። ያዝኩላቸው። ሦስት ጊዜ መቱት፣ አንዴም አልሳቱም። ፎቶውን ሰቀሉና ፍሬሙን ዳበሱት።

«እንግዲህ ማንም ከዚህ አያነሳትም» አሉ።

ዳርሊን ልቅሶዋን እንዳይሰሙ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞራ የቧንቧውን ውሃ እስከ መጨረሻ ከፈተችው።