የእትዬ ማንጠግቦሽ አሥራ አንደኛ አንቀጽ

አሰብ ውስጥ ላም የሚያረባ ሰው ነበር ብላችሁ አታምኑኝ ይሆናል። ሣር የሚባል ነገር የለም፤ ፍየሉ እንኳ ካርቶን በልቶ ነው የሚያድረው። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ካምፖ ሱዳን ከሚባለው ሰፈር ወዲያ፣ በበርሜል ቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ አምስት ላሞች ነበሯት። ፉርሽካውን ሾፌሮች ከኮምቦልቻ ያመጡላታል፣ ውሃውን በጀሪካን ትገዛለች። ባሏም ሾፌር ነበር፤ የመጀመሪያዋን ጊደር ከባቲ ገበያ በመኪናው ጭኖ አመጣላትና በሁለተኛው ዓመት ወባ ወሰደው። አገሬ ልግባ አላለችም። አንዷ ላም አምስት እስክትሆን እዚያው ሐሩር ውስጥ ቆየች። ልጆች የሉሽም ወይ ሲሏት፣ አምስት አሉኝ ትላለች።

እኔ ውድነህ ነኝ። ከደሴ ተመድቤ በአንድ የመድን ቢሮ ውል የማዋውል ሠራተኛ ነበርኩ። ጊዜው የዕቅድ ጊዜ ነው፤ ወደቡ በቶን ይጠየቃል፣ እኛ ደግሞ በውል ብዛት። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ላይ፣ ለዕቅዴ ሦስት ውል ጎደለኝ። ወተት የምገዛው ከእሷ ነበርና እሷን ያዝኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ አዝኜላት ነው ብዬ አልዋሽም።

ያስረዳኋት እንዲህ ብዬ ነው። መድን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ላምሽ ስትሞት ላንቺ የሚከፈል። ሁለተኛው ላምሽ ሰው ስትጎዳ፣ ወይም ወተትሽ ሰው ሲያሳምም፣ ለተጎዳው ሰው የሚከፈል፤ የኃላፊነት መድን ይባላል። ላም ብትሞት የምታጪው አንድ ላም ነው፣ ሰው ከተጎዳ ግን አምስቱም ሊሄዱብሽ ይችላሉ አልኳት። ሳቀችብኝ። ላም አለኝ በሰማይ ልታሰኘኝ ነው እንዴ፣ አለች። ለሌላ ሰው ለሚከፈል ነገር እኔ ለምን አዋጣለሁ ብላም ተከራከረችኝ። ቆይታ ግን በራሷ መንገድ ገባት። እንደ ዕድር ነው በለኛ፤ ደህና ቀን ታዋጣለህ፣ ክፉ ቀን ይደርሱልሃል፣ አለች። እኔም አዎ፣ እንደዚያው ነው አልኳት።

መሠረተ ትምህርት ገብታ ስሟን መጻፍ ችላለች እንጂ የውል ጽሑፍ አታነብም። እንዲህ ላለ ሰው እያንዳንዱን አንቀጽ አንብበን፣ አንብቤ አስረድቻለሁ ብለን ከግርጌው መፈረም ነበረብን። እስከ ሰባተኛው አነበብኩላት። ያን ጊዜ መብራት ጠፋ፤ ቬንትሌተሩ ቆመ። የሰኔን አሰብ ያላየ አይፍረድብኝ። ላቡ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷም የማለቢያዋ ሰዓት ደርሶ ዓይኗ በር በሩን ያያል። የቀረውስ ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። ያው ነው አልኳት። እሷ ስሟን ጻፈች፣ እኔም ፈረምኩ።

ስምንት ወር አለፈ። ክንፈ የሚባል የወደብ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ ጣሳውን ይዞ ወተት ሊገዛ ይመጣል። ዳልቻ የምትባለው ላም ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጥጃዋን ሊዳስስ ሲል መጣችበትና ከቆርቆሮው አጥር ጋር አጣበቀችው። ጭኑ ተሰበረ። ሐኪሙ ይድናል፣ ጆንያ ግን ከእንግዲህ አይሸከምም አለ። የአራት ልጆች አባት ነው፤ ከመሸከም ሌላ ሙያ አልነበረውም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ያደረገችው በአገሯ የሚደረገውን ነው። ወረኢሉ ውስጥ የበደለ ሰው ቤቱ አይቀመጥም። በማግሥቱ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች አስቀደመች፤ ከመካከላቸው ከጉምሩክ ጡረታ የወጡት አቶ ሸዋንግዛው ነበሩበት። ከዚያ ከአሰብ ጥቁር ድንጋይ አንዱን ማጅራቷ ላይ አድርጋ ክንፈ ደጅ፣ ሚስቱና ወንድሙ ፊት ቆመች። ወንድሙ ራሱ እያለቀሰ ድንጋዩን አወረደላት። ሽማግሌዎቹም ነገሩ በቃል እንዳይቀር ብለው ወረቀት ጻፉ። ላሟ የኔ ናት፣ ጥፋቱም የኔ ነው፣ እክሳለሁ ይላል። ስሟን ጻፈችበት።

በቀጥታ ወደ ቢሮዬ መጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ እኔ የድርሻዬን ጨርሻለሁ፣ እርቁ ወርዷል፣ አሁን የናንተ ዕድር ይምጣ፣ አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። አነበብኩትና ደነዘዝኩ። ሌላ ቃል የለኝም። ጆሮዬ ይሰማል፣ ዓይኔ ያያል፣ እኔ ግን የለሁም።

አሥራ አንደኛው አንቀጽ፣ መድን የገባ ሰው ያለ ቢሮው የጽሑፍ ፈቃድ ጥፋቱን አያምንም፣ ካሳም አይስማማም ይላል። ካመነ ቢሮው አይከፍልም። አንቀጹ ያለ ምክንያት አልተጻፈም፤ ቢሮው ከመክፈሉ በፊት የጥፋቱን ባለቤት ራሱ መመርመር ይፈልጋል። አራስ ላም ሥር የገባው ክንፈ ነው ብሎ መከራከርም ይችል ነበር። የእሷ ወረቀት ያንን ሁሉ ዘጋው።

የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ ወልደየሱስ ሁለታችንንም አስጠሩን። ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገሩን በግልጽ አስቀመጡት፤ አንቀጹ ካልተነበበላት ጥፋቱ የሠራተኛው ነው፣ ቢሮውም ለክንፈ ይከፍላል። ከተነበበላት ግን የምትክሰው ራሷ ናት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አንብበህላታል?»

ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሚስቴ ሦስተኛ አርግዛለች። የአንድ ፊርማ ሐሰት ከሥራ እንደሚያባርር፣ ምናልባትም እንደሚያሳስር አውቃለሁ። እነዚህን ያሰብኳቸው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ምንም አላሰብኩም።

«አንብቤላታለሁ» አልኩ።

እትዬ ማንጠግቦሽ አየችኝ። ብዙ አላየችኝም። ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ኃላፊው ዞረች።

«እሱ አነበብኩ ካለ አንብቧል» አለች። «የረሳሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አቶ ወልደየሱስ ቃሏን መዝግብ አሉኝ። መዘገብኩ። ጽሑፌ እንዲያውም ከሌላው ቀን ያማረ ነበር። ማታ እራቴን በላሁ።

አራቱ ላሞች ተሸጡ። ክንፈ በካሳው በቤቱ ግንብ ላይ መስኮት ቀዶ ሲጋራና ስኳር መቸርቸር ጀመረ። ዳልቻን የሚገዛ ጠፋ፤ ሰው ወጊ ናት ተብሎ ስሟ ከተማውን አዳርሷል። እሷ ብቻ ቀረች። እኔ ወተት መግዛቱን ተውኩ፤ ለሚስቴም ላሞቹ ነጥፈዋል ብዬ ነገርኳት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁ።

በወሩ እትዬ ማንጠግቦሽ ቢሮ መጣች። በረንዳው ላይ ጥላ ባለበት ቆማ አስጠራችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ ደግ ነበር። ውሉን ከመቀነቷ አወጣች።

«ያችን አሥራ አንደኛዋን አንብብልኝ እስቲ» አለች። «ምን እንደረሳሁ ልወቀው።»

አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ የጽሑፍ ፈቃድ የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቢሮው መጥተሽ ስትጠይቂ ፈቅደናል ብሎ የሚጽፍልሽ ነው አልኳት። ወረቀቱን አጣጥፋ መልሳ ቋጠረችው።

«ይሄን ብሰማም ክንፈ ደጅ መሄዴ አይቀርም ነበር» አለች። «ሰው እኮ ነው የተሰበረው። ግን አስቀድሜ አንተ ጋ እመጣ ነበር፤ ፈቃዱን ጻፍልኝ ብዬ።»

ዳልቻ የምትታለብበት ሰዓት ደርሷል ብላ ሄደች። የፈቃዱ ፎርም፣ ከነካርቦኑ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።