ማንም የማይናገርበት ዘጠኝ ደቂቃ

አስፈሪ ፊልም እወዳለሁ። የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ይህን ስናገር ሰው ይገረማል፤ ይገረም። የምወደው ግን ደም የሚጎርፍበትን አይደለም። ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች በትንሽ ካሜራ የሠሩትን፣ ሲኒማ ቤት የማይደርሰውን፣ በቀይ ግድግዳና በአረንጓዴ መብራት ብቻ ሰውነትን ውርር የሚያደርገውን ነው።

አሰላ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ያለውን ፊልም በፍላሽ እያስመጣሁ ቤቴን ዘግቼ አያለሁ። ብቻዬን መፍራት ሰለቸኝ። ስለዚህ የሰፈራችንን ቪዲዮ ቤት ባለቤት፣ ኳስ የሚያሳዩትን ሽማግሌ፣ ሦስት ወር ሙሉ ደጅ ጠናኋቸው።

“ቲቸር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት እሰጥሻለሁ” አሉኝ በመጨረሻ። “ሰው እስከ መጨረሻው ከተቀመጠ እሑድ ያንቺ ነው። ጥሎ ከወጣ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።”

“እሺ ጋሼ። ግን ማሳለፍ የለም።”

ይህን ያልኩት ልማዳቸውን ስለማውቅ ነው። ፊልሙ ዝግ ሲል ለተመልካቹ አዝነው በሪሞት ወደ ፊት ያሮጡታል። ሌላው ጣጣ አስተርጓሚው ነበር። በሥራ ቀን መናኸሪያ ቆሞ “ኢተያ! ሁሩታ!” እያለ ተሳፋሪ ይጠራል፤ እሑድ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፊልሙን በኦሮምኛና በአማርኛ ያስረዳል። ተዋናዩ ዝም ካለ ከራሱ ይጨምርለታል። እኔ የመረጥኩት ፊልም ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት በረጅም ኮሪደር ወደ አንድ በር ስትሄድ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ማንም አይናገርም፤ ሙዚቃም የለም። ፊልሙ ማለት እሱ ነው። እዚያ ላይ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ አስማልኩት። እየሳቀ ማለ፤ አላመንኩትም።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ መስኮቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጋረድን። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ስላስቸገረ ነው መሰለኝ፣ አግዳሚዎቹ ጢም ብለው ሞሉ።

ሴትየዋ ኮሪደሩ ውስጥ ገባች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ “ድምፅ! ድምፅ!” ተጀመረ፤ ስፒከሩ የተበላሸ መስሏቸዋል። አንዱ ተነሥቶ ገመዱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ሪሞቱን አነሡ። ሮጬ ሄጄ ሪሞቱን የሚቀበለውን የቴሌቪዥኑን ጥግ በመዳፌ ሸፈንኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም አልለቅ አልኩ።

“ቲቸር፣ ሰው ሊወጣ ነው እኮ!”

“ምንም አልተበላሸም ጋሼ! ዝም ያለችው ፈርታ ነው!”

ሁለት ሰዎች ለመውጣት ተነሡ። የቀረውም ያስረዳን ብሎ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። እሱ ግን አፉን ከፍቶ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሏል። መናኸሪያውን በድምፁ የሚያናውጥ ሰው እንዲህ ዝም ሲል ያየ አልነበረም። የተነሡት ሰዎች ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሽማግሌውም ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ነበር። በሩ ሲከፈት ከፊት የተቀመጠች ነጋዴ “ያ ረቢ!” ብላ ጮኸች፤ እኔንም ሃያ ጊዜ ያየሁት ፊልም አስደነገጠኝ።

እስከ መጨረሻው ማንም አልወጣም። እሑድ የኔ ሆነ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ አስተርጓሚውን ላመሰግን ሄድኩ።

“ቃልህን ጠበቅህ” አልኩት።

“የቱን ቃል? መሐላውንማ ረስቼዋለሁ ቲቸር” አለኝ ፊቱን በእጁ እየጠረገ። “ከተናገርኩ ከበሩ ኋላ ያለው ነገር ድምፄን ይሰማል ብዬ ነው።”