ከሐዋሳ በር ጭኜ የተመለስኩበት ክረምት

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ሐምሌ ውስጥ ነው። የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር፤ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ድርቅ ያፈናቀላቸው ሰዎች ሜዳ ላይ ዝናብ እየመታቸው ስለሚያድሩ፣ አንድ የቆየ መጋዘን ለክረምቱ ማደሪያ ሊሰጣቸው አስቧል። የጎደለው በር ብቻ ነው፣ ና ሥራልኝ ብሎ ላከብኝ። በደርግ ጊዜ ሊቀመንበር ሲጠራ አይቀርም። እኔ ግን ባልጠራም እሄድ ነበር። አናጺነትን ማንም አላስተማረኝም፣ እያየሁ ነው የለመድኩት፤ የሠራሁትን በር ዘግቶ ነፋስ ገባብኝ ያለ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

መንገድ ላይ

ሞጆ ላይ ጎማ ፈነዳብን። ዝዋይ በሃያ አምስት ሳንቲም ፓፓያ ገዝቼ ብቻዬን ጨረስኩት። ሻሸመኔ ኬላ ላይ ፈታሹ መጋዜን አገላብጦ፣ «ይኼ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ጢም ይላጫል።»

አልሳቀም። ከሐይቁ የተነሳ ጉም መንገዱን ሸፍኖት፣ ሐዋሳ የገባነው ምንም ሳናይ ነው።

መጋዘኑ

በሩን በሁለት ቀን ጨረስኩት። ባለ ሁለት ተከፋች ሳይሆን አንድ ወጥ፣ ከወፍራም ጣውላ። ሊቀመንበሩ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ይሁን አለኝ፣ አደረግኩለት። ወለሉ ላይ ደረቅ ገለባ ተነጠፈ። ማታ በድምፅ ማጉያ፣ ቤት የሌላችሁ ኑ ግቡ ተብሎ ተለፈፈ።

አንድም ሰው አልመጣም። የሰው ሳል ግን ይሰማል፤ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከጓሮ። ወጥቼ ባይ ማንም የለም።

ጠዋት ገለባው እንደተነጠፈ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ግን ጭቃው በባዶ እግር ዱካ ተረግጧል። ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያው ሥር ተጠግተው ቆመው ነበር ማለት ነው። በሩ ላይም የጭቃ ጣት ምልክቶች አሉ። ሌላ ቦታ አልነኩም፤ መቀርቀሪያውን ብቻ ነው የዳሰሱት።

አሞራ ገደል

ሆዴ ነገር አይገባውምና ዓሣ ልበላ ሐይቁ ዳር ወዳለው ገበያ ወረድኩ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ አሞራዎች፣ ዝናቡ ውስጥ እንደ ሐዘንተኛ ተደርድረው ቆመዋል። ከተገለበጠ ጀልባ ሥር አንዲት ሴትዮ አየሁ። ባላቸው ጭናቸው ላይ ተኝቶ፣ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣዬን አካፈልኳቸው።

«በሩን የሠራኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«ነኝ፣ እማማ። አያምርም?»

«ያምራል። መቀርቀሪያው ለምን ውጭ ሆነ?»

«ጅብ እንዳይገባ።»

«ጅብ መቀርቀሪያ ይከፍታል እንዴ?» አሉና ዓሣውን ለባላቸው ቆርሰው አጎረሱት። «ዓምና ሌላ አዳራሽ ሰጡን። ገለባ ነበረው፣ ሾርባም ነበረው። ሲነጋ በሩ ከውጭ ተዘግቷል፣ መኪናም ቆሟል። ሰፈራ ነው አሉ። እኔና እሱ በመስኮት አመለጥን። እህቴን ወዴት እንደወሰዷት የነገረኝ የለም።»

«ዛሬም ውጭ ካደሩ እኮ ሰውየው አይተርፉም።»

«እሱም ያውቃል። በዚያ በር ከምገባ እዚሁ ልሙት ይላል።»

ስመለስ፣ በፊት ያላየሁት ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ከመጋዘኑ ጀርባ ቆሟል። ሊቀመንበሩን፣ «ይኼ ምን ሊጭን ነው?» አልኩት።

ዞር ዞር ብሎ አየ። «ጋሼ፣ አንተ አናጺ ነህ፤ እንጨትህን ያዝ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እሺ፣ እንጨቴን ያዝኩ። ማጠፊያውን ፈትቼ በሩን ነቀልኩት። ሊቀመንበሩ ሮጦ ሲመጣ፣ «ዝናብ ጠጥቶ አብጧል። አዲስ አበባ ወስጄ አድርቄ ካላስተካከልኩት ይሰነጠቃል» አልኩት። እሱ ስለ እንጨት የሚያውቀው ማገዶነቱን ነው።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ክረምቱ እስኪወጣ።»

ትኩር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ሊጨልም ሲል መጡ። ሴትዮዋ ከፊት ሆነው፣ በሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ውስጥ፣ እንደገና ወደ ውጭ ተራመዱ። ከዚያ ባላቸውን አስገቡ። ሌሎቹም ድምፅ ሳያሰሙ ተከተሉ። ነፋሱ በቀጥታ ስለሚገባ እኔ የመግቢያው ደፍ ላይ ተጋደምኩ። ይኼ ሁሉ ሆድ ነፋስ ካልከለለ ምን ሊሠራ ነው?

ጎህ ሲቀድ መኪናው ተነሳ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ልጆቹ እንኳ አላለቀሱም። መኪናው በዝግታ መጥቶ እፊታችን ቆመ። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ የወረደ ሰው የለም። እኔም አልተነሳሁም፤ ጀግንነት አይደለም፣ ፈርቼ ነው። የሚዘጋ በር ስለሌለ፣ ቢወርዱ ሰው ሁሉ ይበተንባቸዋል፤ መኪናው ቆይቶ ቆይቶ ባዶውን ሄደ።

ከኋላዬ የሴትዮዋ ባል በቀጭን ድምፅ ውሃ ጠየቀ።

መመለሻ

በሩን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጫንኩ። ረዳቱ፣ «ሰው ከሐዋሳ ዓሣ ያመጣል፣ እርስዎ በር?» አለኝ። «አጥንት የለውም» ብዬ አሳቅኩት።

ሚስቴ ግን አልሳቀችም፤ ነገሩን ስነግራት፣ «ሌላ በር ቢያሠራስ?» አለች። ስለ ሥራዬ ስንት ጉራ ነዝቻለሁ፤ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት መቀርቀሪያ ከመምታቴ በፊት ከየትኛው ወገን ሰው እንደሚተኛ መጠየቅን ነው። ያን ክረምት ዝናቡ በመጣ ቁጥር አንድ ጸሎት ብቻ ነበረኝ፤ ሐዋሳ ውስጥ እንደኔ ያለ አናጺ እንዳይገኝ።